ሶፍትዌር ሊያሠሩ ነው? መጀመሪያ ባለቤትነቱን ያስይዙ

አንድ ሐሳብ አለዎት። አፕ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንድ አድካሚ ሥራ የሚያቀል ሲስተም። ኮድ መጻፍ ግን አይችሉም፣ ስለዚህ የሚሠራልዎ ሰው ያስፈልጋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለሙያው ዋጋ ለመናገር የሚሠራውን ማወቅ አለበት። እርስዎ ደግሞ "ነግሬው ሲያበቃ ራሱ ይዞት ቢሄድስ?" ብለው ይሰጋሉ።

ይህ ስጋት ሰውን በሁለት በኩል ይጎዳል። አንዱ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ዓመታት ያልፋሉ፣ ሐሳቡም ከማስታወሻ ደብተር ሳይወጣ ይቀራል። ሌላው "ልጁ የታመነ ነው" ብሎ ሁሉንም ይዘረግፋል፣ ገንዘብ ይከፍላል፣ አንዲት መስመር እንኳ በጽሑፍ አይዝም።

በእኔ እምነት ሁለቱም ዋናውን አደጋ አላዩትም። ሐሳብ የሚሰረቅበት ጊዜ አለ፣ አይካድም። ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰው ከፍሎ ያሠራው ኮድ በሕግ የእሱ ሳይሆን ሊቀር ይችላል። የዶሜይን ስሙ (የድረ ገጹ አድራሻ) በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ፣ ሲስተሙ የሚሠራበት ሰርቨር ፓስዎርድ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይገኛል። ይህን ኪሳራ ደግሞ በጥቂት አንቀጾችና በትንሽ ጥንቃቄ አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳብ ብቻውን የማንም ንብረት አይደለም

ደስ ባይልም ከዚህ እንጀምር። "ቤት ፈላጊንና አከራይን የሚያገናኝ አፕ" የሚል ሐሳብ የእኔ ነው ብሎ ሌላውን መከልከል አይቻልም። የቅጂ መብት የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ ነው፤ የተጻፈውን ኮድ፣ የተሣለውን ስክሪን፣ የተዘጋጀውን ጽሑፍ። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላትን የሚያስተሳስረው ትሪፕስ የተባለው ስምምነት ይህን በ9ኛ አንቀጹ በግልጽ አስቀምጦታል። ጥበቃው ለአገላለጽ እንጂ ለሐሳብ፣ ለአሠራር ዘዴ ወይም ለሒሳባዊ ጽንሰ ሐሳብ አይደለም ይላል። 10ኛው አንቀጽ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ሥነ ጽሑፍ ሥራ ይጠበቃል ይላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ሴልደን የተባለ አሜሪካዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዘዴ ፈልስፎ በመጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ ባዶ ቅጾችም ነበሩ። በኋላ ቤከር የተባለ ሰው ተመሳሳይ ቅጾችን ማዘጋጀት ጀመረ። ሴልደን ከሞተ በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1879 የወሰነው እንዲህ ነው፤ መጽሐፉ በቅጂ መብት ይጠበቃል፣ በመጽሐፉ የተገለጸው ዘዴ ግን አይጠበቅም። ዘዴውን ለብቻው መያዝ የፈለገ በፓተንት፣ ማለትም ለአዲስ ፈጠራ በሚሰጥ መብት በኩል ይሂድ።

ሶፍትዌርም ላይ ይኸው ሆነ። አንድ የብሪታንያ ኩባንያ ሳስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አሠራር አጥንቶ፣ ሶርስ ኮዱን (ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን ኮድ) ሳያይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ምርት አወጣ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 አንድ ፕሮግራም የሚሰጠው አገልግሎት በቅጂ መብት አይያዝም አለ። ወደ እርስዎ ጉዳይ ስናመጣው፣ አፕዎ ከወጣ በኋላ ሌላ ሰው አይቶት፣ ከኮድዎ አንድ መስመር ሳይወስድ ተመሳሳይ ነገር ቢሠራ የቅጂ መብት ብቻውን አያስቆመውም።

ይህን ሲሰሙ ተስፋ አይቁረጡ። ጎግል በ1998 ሲቋቋም የፍለጋ ድረ ገጾች ነበሩ። ፌስቡክ በ2004 ሲመጣ ፍሬንድስተርና ማይስፔስ ቀድመውት ነበር። ሐሳቡ ተገልጦ እያለ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄውን "ሐሳቤን እንዴት ልደብቅ?" ከሚለው ወደ "በሐሳቤ ላይ የምገነባው ነገር እንዴት የእኔ ይሁን?" ወደሚለው ማዞር ይሻላል።

አንድ የተለመደ ወሬ እዚህ ላይ ላንሣ። ሐሳብዎን ጽፈው በታሸገ ፖስታ ለራስዎ በፖስታ ቤት ቢልኩት መብት ያስገኛል የሚባል ነገር አለ። አያስገኝም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ራሱ ይህን የሚደግፍ ሕግ እንደሌለ ይናገራል። ጽሑፉ ቢጠበቅ እንኳ የሚጠበቀው ጽሑፉ ነው፤ ሐሳቡ እንደ ቀድሞው ክፍት ነው።

ታዲያ ምን ይጠበቃል?

የንግድ ምልክት አለ። ስምዎንና አርማዎን ይጠብቃል። በብዙ አገሮች ቀድሞ ያስመዘገበ ቅድሚያ ስለሚያገኝ፣ ስሙን ለብዙ ሰው ከማውራትዎ በፊት ማመልከት ጥሩ ነው።

ፓተንት ደግሞ አዲስ ቴክኒካዊ መፍትሔን ይጠብቃል። ለተራ የንግድ ሐሳብ የሚሆን ግን አይደለም። የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት 52ኛ አንቀጽ የንግድ ዘዴንና የኮምፒውተር ፕሮግራምን በራሳቸው እንደ ፈጠራ አይቆጥራቸውም። በአሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 አሊስ በተባለው ክስ፣ የታወቀ ረቂቅ ሐሳብን በኮምፒውተር እንዲሠራ ማድረግ ብቻውን ፓተንት አያሰጥም ብሏል። ሐሳብዎ ውስጥ እውነተኛ ቴክኒካዊ ግኝት አለ ብለው ካመኑ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ፓተንት አዲስነትን ይጠይቃል። በአውሮፓ ሥርዓት ከማመልከትዎ በፊት ራስዎ በአደባባይ ከተናገሩት አዲስነቱ ሊጠፋ ይችላል። አሜሪካ የአንድ ዓመት የእፎይታ ጊዜ ትሰጣለች፣ ሁሉም አገር ግን እንደዚያ አይደለም። ምስጢር ለመጠበቅ ግዴታ ለገባ ሰው መንገር እንደ አደባባይ ንግግር አይቆጠርም። የምስጢር ስምምነት አንዱ ትልቅ ጥቅም ይህ ነው።

ለአብዛኛው ሰው የሚጠቅመው መሣሪያ የንግድ ምስጢር ነው። ምዝገባ አይፈልግም፣ ክፍያም የለውም። የትሪፕስ 39ኛ አንቀጽ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መረጃው በእርግጥ ምስጢር መሆን አለበት። ምስጢር በመሆኑ ምክንያት የንግድ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ባለቤቱም በምስጢር ለመያዝ ተገቢውን ጥረት ያደረገ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው በሦስተኛው ነው። ዝርዝሩን በየቴሌግራም ግሩፑ ሲልክ ከርሞ በኋላ "ምስጢሬ ነበር" ቢል የሚሰማው ዳኛ አያገኝም።

በእንግሊዝ የታየው የኮኮ ጉዳይ እዚህ ላይ ያስተምራል። ኮኮ ለሞፔድ የሚሆን ሞተር ነድፎ እንዲያመርትለት ከአንድ ኩባንያ ጋር ይነጋገር ነበር። ድርድሩ ፈረሰ። ኩባንያው በኋላ የራሱን ሞተር አወጣ። ዳኛው በ1968 ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ መለኪያ አስቀመጡ፤ መረጃው የምስጢርነት ባሕርይ ይኑረው፣ ምስጢርን መጠበቅ በሚያስገድድ ሁኔታ የተነገረ ይሁን፣ ተቀባዩም ያለፈቃድ ተጠቅሞበት ይገኝ። ኮኮ ግን የጠየቀውን እግድ አላገኘም። የትኛው መረጃ ምስጢር እንደነበርና ያው መረጃ መወሰዱን በሚገባ ማሳየት አልቻለም። ምስጢርዎ የትኛው እንደሆነ ራስዎ ለይተው ካላስቀመጡት ሌላ ሰው አይለይልዎትም።

የምስጢር ስምምነት ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

ብዙ ሰው ኤንዲኤ ብሎ የሚጠራው ይህን ስምምነት ነው። የምትነግረኝን ለሌላ አላወራም፣ ከተባለው ሥራ ውጭም አልጠቀምበትም የሚል ቃል ነው። ጥሩ ስምምነት አጭር ሊሆን ይችላል። ምን ምን ምስጢር እንደሆነ ይዘረዝራል። ለምን ዓላማ እንደተሰጠ ይናገራል። ግዴታው ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሥራው ሲያልቅ ሰነዶቹ እንዴት እንደሚመለሱ ወይም እንደሚጠፉ ይገልጻል። ቀድሞ በአደባባይ የታወቀ፣ ተቀባዩ አስቀድሞ የሚያውቀው ወይም በራሱ መንገድ የደረሰበት መረጃ ከግዴታው ውጭ ይሆናል። ይህ ፍትሐዊ ነው። ባለሙያው ነገ ሌላ ደንበኛ ጋር መሥራት አለበትና እጁን ሙሉ በሙሉ አይሰሩት። "ከእኔ ጋር የሚመሳሰል ማንኛውንም ሥራ ለአምስት ዓመት እንዳትሠራ" የሚል አንቀጽ ጎበዝ ባለሙያ ያሸሻል፣ በብዙ ቦታም በፍርድ ቤት አይጸናም።

በተለይ አንድ አንቀጽ ይፈልጉ። አንዳንድ ድርጅቶች የራሳቸውን ስምምነት ሲያቀርቡ፣ ሠራተኞቻችን በአእምሯቸው ይዘው የቀሩትን ነገር በነፃነት ይጠቀሙበታል የሚል ሐረግ ያስገባሉ። አንብበው ካለፉት የቀረውን ስምምነት ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

ስምምነቱ የማይሠራውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ፊርማ ሰውን ታማኝ አያደርገውም። ጥሰት ቢፈጠር ማስረጃ ማቅረብ፣ ጠበቃ መቅጠር፣ መክሰስ የእርስዎ ሥራ ነው። ባለሙያው ያለው በሌላ አገር ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ለዚህ አንዱ መላ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ነው። በ1958 የተፈረመውን የኒውዮርክ ስምምነት ከ170 በላይ አገሮች ተቀብለውታል፤ በአንዱ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ በሌላው እንዲፈጸም ያስችላል። በፍርድ ቤት ውሳኔ ይህን ማድረግ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይከብዳል። እርግጥ ግልግል ወጪ አለው፣ ለትንሽ ሥራ ላያዋጣ ይችላል።

ኢንቨስተሮች ደግሞ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ እንዲህ ያለ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ አይፈርሙም። ብዙ ተመሳሳይ ሐሳብ ስለሚሰሙ በአንዱ መታሰር አይፈልጉም። ይህን እንደ ንቀት አይቁጠሩት። ለእነሱ የሚነግሩትን ይምረጡ። አንድ ፕሮግራመር ግን ዝርዝር ሰነድ ከማየቱ በፊት እንዲፈርም ቢጠየቅና ያለ ምክንያት እምቢ ቢል፣ እኔ ብሆን ሌላ ባለሙያ እፈልጋለሁ።

በጽሑፍ ያልተያዘ ነገር የት እንደሚያደርስ በዓለም የታወቀ ምሳሌ አለ። በ2003 መጨረሻ የዊንክልቮስ ወንድማማቾችና ባልደረባቸው ለሃርቫርድ ተማሪዎች ያሰቡትን ድረ ገጽ እንዲጨርስላቸው ማርክ ዙከርበርግን ጠየቁት። በየካቲት 2004 ዙከርበርግ የራሱን ፌስቡክ ከፈተ። እነሱ ሐሳባችንንና ሥራችንን ወሰደ ብለው ከሰሱ፤ እሱ አልወሰድኩም ብሎ ተከራከረ። በሁለቱ መካከል ግልጽ የጽሑፍ ውል አልነበረም። በ2007 ጉዳዩን ያዩ ዳኛ የተማሪዎች የመኝታ ክፍል ወሬ ውል እንደማይሆን በችሎት ተናገሩ። ክርክሩ በ2008 በጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን 65 ሚሊዮን ዶላር በተገመተ ስምምነት ተቋጨ። ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን እዚያ ለመድረስ ዓመታት፣ ብዙ ጠበቃና ብዙ አቅም ጠይቋል። አብዛኞቻችን ይህ የለንም።

ሁሉንም ለሁሉም አይንገሩ

ከስምምነቱ በላይ የማምነው መረጃን በደረጃ መስጠት ነው። ባለሙያ ዋጋ ለማውጣት የሚያስፈልገው ከምናስበው በጣም ያነሰ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። አንድ ሰው ባዶ የሚመለሱ የማቀዝቀዣ መኪናዎችን ከጫኝ ነጋዴዎች ጋር የሚያገናኝ ሲስተም አስቧል እንበል። ዋናው ብልሃቱ መኪናው ባዶ ሊሆን የሚችልበትን ሰዓት አስቀድሞ የሚገምትበትና በዚያ ላይ ዋጋ የሚያወጣበት ስሌት ነው። ለመጀመሪያ ዋጋ ጥያቄ ይህን መናገር ምን ያደርጋል? "ሁለት ዓይነት ተጠቃሚ አለው፣ አንዱ አገልግሎት ያስመዘግባል፣ ሌላው ይፈልጋል። ካርታ፣ ክፍያ፣ መልእክት መላላኪያና የአድሚን ገጽ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ያህል ተጠቃሚ እጠብቃለሁ" ማለት ይበቃል። ይህን ይዞ አምስት ባለሙያ ማነጋገርና ዋጋ ማወዳደር ይቻላል።

ሁለት ሲቀሩ የምስጢር ስምምነት ያስፈርሙና የአገልግሎቱን ዓይነትና የስክሪኖቹን ንድፍ ያሳዩ። ስሌቱን የሚያየው ውል የፈረመው አንዱ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሙሉውን ላያይ ይችላል። ስሌቱ በእርስዎ ሰርቨር ላይ ለብቻው እንዲቀመጥና የቀረው ሲስተም ጥያቄ ልኮ መልስ ብቻ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ያን ክፍል ሌላ ባለሙያ ይሠራዋል። ለትንሽ ፕሮጀክት ይህ ወጪ ይጨምራል፤ የንግድዎ ነፍስ እዚያ ስሌት ላይ ከሆነ ግን ወጪው ያዋጣል።

የመጀመሪያ ደንበኞችዎን ስም፣ የአቅራቢዎችዎን ዋጋ፣ ገበያውን የሚገቡበትን መንገድ ለፕሮግራመር መንገር አያስፈልግም። ኮዱን ለመጻፍ አይጠቅሙትም። ለተወዳዳሪ ግን ከኮዱ ይልቅ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። ለሙከራም የእውነተኛ ሰዎችን ዳታ አይስጡ፣ የተፈጠረ ዳታ ይጠቀሙ። ይህ የራስዎ ምስጢር ብቻ አይደለም፣ የሌሎች ሰዎች ግላዊ መረጃ ነው። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የግላዊ መረጃ ጥበቃ ሕግ፣ ጂዲፒአር፣ እንዲህ ያለ መረጃ በስምዎ ከሚያስተናግድልዎ ሰው ጋር የጽሑፍ ውል እንዲኖር ያስገድዳል።

አሁን አሁን ደግሞ አንድ አዲስ ቀዳዳ መጥቷል። ባለሙያው ሰነድዎን ወይም ኮድዎን ለሕዝብ ክፍት በሆነ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሣሪያ ላይ ለጥፎ እርዳታ ሊጠይቅ ይችላል። ክፉ አስቦ አይደለም፣ ሥራው እንዲፈጥንለት ነው። ምስጢሩ ግን ከእጅዎ ወጣ። የትኛውን መሣሪያ፣ በምን ዓይነት አካውንት መጠቀም እንደሚፈቀድ ውሉ ውስጥ ይጻፍ።

ከፍሎ ማሠራት ባለቤት አያደርግም

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። "ገንዘቤን ከፍያለሁ፣ ስለዚህ ኮዱ የእኔ ነው" የሚለው እምነት በብዙ አገር ሕግ ትክክል አይደለም።

ቅጥር ሠራተኛ በሥራው የጻፈው ኮድ በብዙ ቦታ የአሠሪው ነው። ፍሪላንሰር (ሳይቀጠር በየሥራው የሚከፈለው ባለሙያ) ወይም የሶፍትዌር ድርጅት ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ1988 የወጣው የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ የመጀመሪያ ባለቤት የሚያደርገው ፈጣሪውን ነው፤ ለአሠሪ የሚሰጠው ልዩ ሁኔታ በሥራ ላይ ላለ ተቀጣሪ ነው። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ በጽሑፍ ካልተላለፈ የሠሪው ሆኖ ይቀራል።

በአሜሪካ ይህን ያጸናው ክስ ስለ ሐውልት ነበር። ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚከራከር አንድ ድርጅት በ1985 ጄምስ ኧርል ሪድ የተባለ ቀራጺ ሐውልት እንዲሠራለት አዘዘ። ሐሳቡ የድርጅቱ ነበር። ወጪውንም ሸፈነ፣ እየሄደም አሠራሩን ያይ ነበር። ስለ ቅጂ መብት ግን ማንም አላነሣም፣ በጽሑፍም የተያዘ ነገር አልነበረም። ሲጣሉ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1989 ፍርድ ቤቱ ሪድ ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለሙያ ነው፣ ስለዚህ ሥራው በቅጥር እንደተሠራ አይቆጠርም አለ። ሐሳብ የሰጠው፣ የከፈለውና የተከታተለው ወገን በዚያ መንገድ ባለቤት መሆን አልቻለም። በሐውልቱ ቦታ አፕዎን ያስገቡ።

"ታዲያ ልጠቀምበት አልችልም?" ካሉ፣ ብዙ ጊዜ ይችላሉ። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ባለ ጊዜ በዝምታ የተሰጠ የመጠቀም ፈቃድ አለ ይላሉ። በ1990 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት ለፊልሙ ስፔሻል ኢፌክት የሚባሉ ልዩ ትዕይንቶችን አሠርቶ መብቱ በጽሑፍ ያልተላለፈለት አዘጋጅ ላይ የወሰነው ይህንኑ ነው። ትዕይንቶቹን በፊልሙ መጠቀም ይችላል፣ መብቱ ግን ብቸኛ አይደለም። ወደ ሶፍትዌር ስናመጣው፣ እርስዎ አፕዎን ያንቀሳቅሳሉ፣ ያ ባለሙያ ደግሞ ያንኑ ኮድ ለተወዳዳሪዎ ሊሸጥ ይችላል። ይህ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ በመጥፎ ሰዓት ነው። ኢንቨስተር ሲመጣ ወይም ድርጅቱን የሚገዛ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ኮዱ የእርስዎ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ነው። ያኔ የጠፋ ፍሪላንሰር ፈልጎ ማስፈረም ይመጣል፤ እሱም ዋጋውን ያውቃል።

ስለዚህ ውሉ ውስጥ የባለቤትነት ማስተላለፊያ አንቀጽ ይኑር። አጻጻፉ ላይ ይጠንቀቁ። "ወደፊት ለማስተላለፍ እስማማለሁ" እና "በዚህ ውል አስተላልፌያለሁ" አንድ አይደሉም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የመጀመሪያውን ዓይነት ቃል ፈርሞ ነበር። በኋላ ሴተስ በተባለ ኩባንያ ለመሥራት ሲሄድ ሁለተኛውን ዓይነት ፈረመ። ስለ ፓተንቱ ሲከራከሩ የይግባኙ ፍርድ ቤት የኩባንያው አጻጻፍ ያዘ አለ። ዩኒቨርሲቲው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2011 ተሸነፈ። ያን ያህል ትልቅ ተቋም ቀድሞ አስፈርሞ እያለ በአንድ ሐረግ አጻጻፍ ተቀድሟል።

አንቀጹ ኮዱን ብቻ ሳይሆን ንድፉን፣ የዳታቤዙን አወቃቀር፣ ሰነዶቹንና ያልተጠናቀቁ ረቂቆችን ይጨምር። ድርጅት ከሆነ ደግሞ ሠራተኞቹና በሥሩ የሚያሠራቸው ፍሪላንሰሮች መብታቸውን ለድርጅቱ ማስተላለፋቸውን ያረጋግጥልዎ። ድርጅቱ የሌለውን መብት ሊሰጥዎ አይችልም። አገሩም ለውጥ ያመጣል። ለምሳሌ በጀርመን ሕግ ደራሲው የቅጂ መብቱን ራሱን መሸጥ አይችልም፤ የሚሰጠው ሰፊና ብቸኛ የመጠቀሚያ መብት ነው። በፈጣሪነት ስም የመጠራት ዓይነት ሞራላዊ መብቶችም በየአገሩ ይለያያሉ። እዚህ ላይ የአገሩን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ውሉን አንድ ጊዜ ቢያየው ገንዘቡ ባክኖ አይቀርም።

ባለሙያውም መብት አለው፣ ይህን መርሳት ተገቢ አይመስለኝም። ሠርቶ ያልተከፈለው ሰው ኮዱን አስረክብ ቢባል ግፍ ነው። ሥራውን በምዕራፍ መክፈል ለሁለቱም ይበጃል። ምዕራፉ ሲያልቅ ኮዱ ይታያል፣ ክፍያው ይፈጸማል፣ የዚያ ምዕራፍ ባለቤትነትም ያን ጊዜ ይተላለፋል። ባለሙያው ለዓመታት ያጠራቀመው፣ በየሥራው የሚጠቀምበት የራሱ ኮድም ይኖራል። እሱን ሽጥልኝ ማለት አያስፈልግም። ያለ ጊዜ ገደብ የመጠቀምና የማሻሻል ፈቃድ ካገኙ ይበቃል። የትኛው የእሱ፣ የትኛው ለእርስዎ አዲስ የተጻፈ እንደሆነ ግን ይለይ።

ኦፕን ሶርስ የሚባለውም፣ ማለትም ባለቤቱ ሌሎች እንዲጠቀሙበት በፈቃድ ክፍት ያደረገው ኮድ፣ እዚህ ይመጣል። ዛሬ ያለ እሱ የሚሠራ ሶፍትዌር የለም ማለት ይቻላል። ኤምአይቲና አፓቺ የሚባሉት ፈቃዶች ብዙ አያስጨንቁም። ጂፒኤል ግን የተለየ ነው፤ በእሱ ሥር ያለን ኮድ ከራስዎ ጋር አዋሕደው ለሌሎች ሲያሰራጩ፣ የተዋሐደውን ሶርስ ኮድ በዚያው ፈቃድ እንዲሰጡ ይጠይቃል። ምስጢር ያሉት ስሌት እዚያ ውስጥ ቢገባ ችግር ነው። ባለሙያው የተጠቀመባቸውን የውጭ ኮዶች ከነፈቃዳቸው ዘርዝሮ እንዲያስረክብ ይጠይቁት። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተጻፈውንም እንዲገልጽ ያድርጉ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ አቋም የሰው የፈጠራ አስተዋጽኦ የሌለበት፣ ማሽን ብቻውን ያመነጨው ሥራ አይጠበቅም የሚል ነውና።

ቁልፎቹ በማን ኪስ ናቸው?

የቤቱ ካርታ በእርስዎ ስም ሆኖ ቁልፉ በሠራተኛው ኪስ ከሆነ ወደ ቤትዎ መግባት አይችሉም። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ዶሜይኑን በራስዎ ስምና ኢሜይል ይመዝግቡ። የክላውድ አካውንቱን (ሰርቨር የሚከራዩበትን) ራስዎ ከፍተው ክፍያውን በራስዎ ካርድ ያድርጉ፤ ባለሙያውን እንደ ተጠቃሚ ያስገቡት። በአፕ ስቶርና በጎግል ፕሌይ የሚወጣው አፕ በእርስዎ ወይም በድርጅትዎ የዴቨሎፐር አካውንት ይውጣ። ባለሙያው "በእኔ ላውጣልህ፣ ይፈጥናል" ቢል ያመስግኑትና እምቢ ይበሉ። አንድሮይድ ላይ አፑ የሚፈረምበትን ቁልፍም ቅጂ ይያዙ፤ ቁልፉ ከጠፋ ማሻሻያ ማውጣት ራሱ ፈተና ይሆናል።

ኮዱስ? ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ወይም በመሰል ቦታ በእርስዎ አካውንት ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ ኮድ የሚቀመጥበት ማኅደር) ይከፈት፣ ባለሙያው ሥራውን በየቀኑ ወይም በየጥቂት ቀኑ እዚያ ያስገባ። "ሲያልቅ በዚፕ እልክልሃለሁ" የሚለውን አይቀበሉ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥ እስከዚያ የተሠራው እጅዎ ላይ ነው። በተጨማሪም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጻፈ የሚያሳይ መዝገብ ይኖርዎታል። ሥራው ሲያበቃ ፓስዎርዶቹንና የኤፒአይ ቁልፎቹን (ሲስተሙን ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር የሚያገናኙትን የምስጢር ኮዶች) በዚያው ቀን ይቀይሩ፣ መዳረሻውን ይዝጉ።

አይቀርና ቢፈጠር

ተመሳሳይ ምርት ገበያ ላይ ካዩ ወዲያው ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ አይሩጡ። ሌላው ሰው ራሱ አስቦት ሊሆን ይችላል፣ ስሙን ያለ ማስረጃ ቢያጠፉ ተከሳሹ እርስዎ ይሆናሉ። መጀመሪያ የድረ ገጹን ገጾች ከነቀናቸው ቅጂ ያስቀምጡ። የተላላካችሁትን ኢሜይል፣ የተፈረመውን ስምምነትና የሪፖዚተሪውን መዝገብ ይሰብስቡ። ከዚያ የሚለየውን ይለዩ። የተወሰደው ኮድ ወይም ንድፍ ከሆነ የቅጂ መብት ጉዳይ ነው። በምስጢር የሰጡት ስሌት ወይም የደንበኛ ዝርዝር ከሆነ የንግድ ምስጢር ጉዳይ ነው። የተወሰደው አጠቃላይ ሐሳቡ ብቻ ከሆነና ምንም ያልተፈረመ ከሆነ ግን ጉልበትዎን ለክስ ከማፍሰስ ምርትዎን ማሻሻል ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ኮድዎ በሌላ ሰው ሪፖዚተሪ ተለጥፎ ካገኙት ፈጣን መንገድ አለ። በ1998 በወጣው ዲኤምሲኤ በተባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ጊትሀብን የመሰሉ አገልግሎቶች የባለመብቱን ማመልከቻ ተቀብለው ይዘቱን ያነሣሉ፤ ለጣፊውም የመከራከሪያ ማስታወቂያ የማቅረብ ዕድል አለው። ማመልከቻው ላይ የሥራው ባለመብት ወይም የእሱ ወኪል መሆንዎን አረጋግጠው መፈረም ይጠበቅብዎታል። ያን ፊርማ በእውነት ለመፈረም ደግሞ ባለሙያው መብቱን ያስተላለፈበት ወረቀት በእጅዎ መኖር አለበት።